ማኅተም ለመቁረጥ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለመቆጣት ብዙ ምክንያት የማያስፈልገኝ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የዚያን ቀን የሆነውን ለመናገር ከዚህ መጀመር ስላለብኝ ነው። ወደቡ ላይ ያሉ ካፒቴኖች በሌለሁበት «እመት ማኅተም» ይሉኛል። መጀመሪያ ስሰማው ተናድጄ ሁለት ቀን ሰላምታ ነሥቻቸው ነበር፤ በኋላ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደድኩት።

ሥራዬ የመርከቦችን ጭስ መቆጣጠር ነው። አንድ መርከብ በዓመት ምን ያህል ነዳጅ እንደሚያቃጥል፣ ምን ያህል የሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ አየር እንደሚለቅ እመረምራለሁ። አሮጌ መርከቦች አዲሱን የልቀት ደረጃ የሚያሟሉበት ቀላሉ መንገድ ሞተራቸውን መገደብ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ መርከብ ጥቂት ያቃጥላል። ስለዚህ ነዳጅ በሚመጥነው ዘንግ ላይ አንድ የብረት መቆሚያ ይገባና ሞተሩ ከአቅሙ ስልሳ በመቶ እንዳያልፍ ይይዘዋል። መቆሚያው በሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦው ላይ ቁጥር ያለው የእርሳስ ማኅተም ይደረጋል። ማኅተሙን የማደርገው እኔ ነኝ።

በዚህ ሥራ አምናለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ። የምኖረው ከወደቡ ጀርባ ነው። ነጭ አንሶላ አስጥቼ ነጭ አንሶላ አስገብቼ የማላውቅበት ዘመን ነበር። የባሕሩ ውኃም በየዓመቱ ወደ ሰፈራችን መንገድ ትንሽ ትንሽ እየገባ፣ የጎረቤቴ ምድር ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ አንድ ካፒቴን «ትንሽ ጭስ ምን ያደርጋል?» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ሕጉ ሲወጣ ግን አንድ በር ተትቶለት ነበር። የሰው ሕይወት ወይም መርከቧ አደጋ ላይ ከወደቀች፣ ካፒቴኑ ማንንም ሳይጠይቅ ሽቦውን አስቆርጦ በሙሉ ኃይል መሄድ ይችላል፤ ለእኛ የሚያሳውቀው ከአደጋው ከወጣ በኋላ ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ባሕር ያውቁ ነበር። ያንን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ቀን ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ አንዲት ሲሚንቶ ጫኝ መርከብ ማኅተም ቆርጣ ገባች። መዝገቧ «ከባድ ማዕበል አጋጥሞን» ይላል። የዚያን ቀን የአየር ሁኔታ መረጃ አወጣሁ። ባሕሩ በሳህን ላይ እንዳለ ውኃ የረጋ ነበር። ወረፋ እንዳያመልጣቸው ነው የሮጡት። ከውሸቱ ሥር ሁለት ፊርማ አለ፦ የካፒቴኑና የሁለተኛ መሐንዲሱ። ሁለተኛ መሐንዲሱ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ነበርኩ። ደብተሩን የማየው እኔ፣ ሲያመው የማድረው እኔ፣ የመርከብ ሙያ ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ። ፊርማውን እዚያ ሳየው ዓይኔ ጨለመ። «ለወንድሟ አደላች» እንዳልባል ፈርቼ ነው መሰለኝ፣ ከሁሉም አብልጬ እሱ ላይ ጨከንኩ። የሥራ ፈቃዱን ለሦስት ወር አገድኩ። ሚስቱ አራስ ነበረች።

ቤቴ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ካፒቴኑ ነው ፈርም ያለኝ። ምን ላድርግ?»

«ሁለተኛ ያለ እኔ ቃል ያንን ሽቦ ብትነካ፣ የመርከብ ደረጃ አትረግጥም» አልኩት። ግባ እንኳን አላልኩትም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በዚያው ንዴት ሰርኩላር ቁጥር ዘጠኝን ጻፍኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም መርከብ ከዚህ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ ማኅተም መቁረጥ አይችልም» ይላል። ከሕጉ ጋር ይጋጫል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዳይሬክተራችን እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመበት፣ ለመርከቦች ሁሉ ተበተነ። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ማኅተም አልተቆረጠም። ይህንን በየስብሰባው ስናገር ደረቴ ይነፋ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋትም ስብሰባ ላይ ይህንኑ እየተናገርኩ ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተዋል። ዳይሬክተሩ በስብሰባ መሐል ስልክ ሲጮህ ስለሚበሳጭ፣ የሁላችንም ስልክ በር ላይ ባለ ቅርጫት ውስጥ ገብቷል። ነፋሱ ከማለዳ ጀምሮ በርትቶ መስኮቱን ይነቀንቀው ነበር። አንዱ እንግዳ «ነፋሱም ሪፖርትሽን መስማት አማረው» ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። ልቀቱ በምን ያህል እንደቀነሰ በሥዕል አሳየሁ፤ ተጨበጨበልኝ።

ስብሰባው ያለቀው አራት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ ነው። ስልኬን ከቅርጫቱ አንሥቼ ስከፍተው ሦስት መልእክት ከአንድ መርከብ ገብቷል። ያችው ሲሚንቶ ጫኝ ናት።

የመጀመሪያው የተላከው ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። «ጉዳዩ፦ ማኅተም ለመቁረጥ ፈቃድ ስለመጠየቅ። ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥለን ተራ እየጠበቅን ነው። በነፋሱ ምክንያት መልሕቃችን እየተጎተተ ሲሆን በተገደበው ኃይል መርከቧን መያዝ አልቻልንም። ከኋላችን ያለው ዐለት ስምንት መቶ ሜትር ላይ ይገኛል። በሰርኩላር ቁጥር ዘጠኝ መሠረት ማኅተሙን ለመቁረጥ ፈቃድ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ሁለተኛው አራት ሰዓት ከዘጠኝ ላይ። ያው ደብዳቤ ነው፤ ስምንት መቶ የሚለው ብቻ ወደ ስድስት መቶ ተቀይሯል።

ሦስተኛው አራት ሰዓት ከሃያ። «አራት መቶ ሜትር። እባክዎን።»

ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ሃያ ሦስት ሰው የተሳፈረባት መርከብ ወደ ዐለት እየተገፋች፣ ካፒቴኑ የሕይወቱን ጉዳይ በማመልከቻ ይጠይቀኛል። በዚያ ላይ ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው። «ቁረጡ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። አልሄደም። ነፋሱ የኢንተርኔት መስመሩን ቆርጦት ኖሯል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የደወልኩለት ሰው ሊገኝ እንደማይችል አንዲት ሴትዮ በተረጋጋ ድምፅ ነገረችኝ። ከውኃው በታች፣ በብረት ተከቦ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ያለ ሰው እንዴት ይገኛል?

የቀረኝ የመቆጣጠሪያ ማማው ሬዲዮ ነው። ማማው ከግቢው ማዶ ነው። ጫማዬን አውልቄ ኮሪደሩን ስሮጥ ዳይሬክተሩ ደረጃው ላይ ያዘኝ።

«ምን ሆነሻል? እንግዶቹ እኮ እያዩሽ ነው!»

ስልኩን ሰጠሁት። አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በሬዲዮ እንዳትናገሪ። ሬዲዮ ይቀረጻል። ሕጉ ለካፒቴኑ ሥልጣን ሰጥቶታል አይደል? ለምን አልቆረጠም? ጥፋቱ የሱ ነው። እኛ ‹ቁረጥ› ካልን ከልክለን እንደነበር አመንን ማለት ነው።»

«ከልክለናል እኮ!»

«በጽሑፍ እንመልስለት። ሁለት መስመር አዘጋጂ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። ገፍቼው ሄድኩ ብል ማን ያውቃል? ግን አልሄድኩም። ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ግማሽ ደቂቃ ይሆናል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ወንበር ትዝ አለኝ። መርማሪዎች ሰርኩላሩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው «ማን ጻፈው?» ሲሉ ታየኝ። ለወንድሜ ፈራሁ፣ ለራሴም ፈራሁ፤ የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አልናገርም። ከዚያ ነፋሱ የደረጃውን መስኮት በረገደውና መስታወቱ ሲረግፍ ነቃሁ። እሱ ጭንቅላቱን ሲሸፍን እኔ ሮጥኩ።

የሬዲዮ ሠራተኛው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ድምፁ ጎርንኗል።

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለምናቸው!» አለኝ ሳይዞር። «‹ቁረጡ፣ ሕጉ ይፈቅድላችኋል› እላለሁ፣ ‹የጽሕፈት ቤቱ ወረቀት አለብን› ይሉኛል። ስብሰባ አዳራሹ ደወልኩ፣ ስልኩ ተነቅሏል። ይሄን ወረቀት የጻፈው ሰው እጁን…» ብሎ ዞር ሲል አየኝ፤ የቀረውን ዋጠው።

«ጎታች ጀልባዎቹስ፣ ጋሼ?»

«ሁለቱም ሞከሩ። ከማዕበል መከላከያ ግንቡ አፍ አልፈው መውጣት አልቻሉም፣ ተመለሱ።»

በትልቁ መስኮት አየኋት። አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድርጋ ትታገላለች፤ ማዕበሉ ፊቷን ባለበሰ ቁጥር ወደ ኋላ ትሸሻለች። ከኋላዋ ውኃው ዐለቱ ላይ እየፈረጠ ነጭ ይሆናል። በመርከቧና በነጩ መካከል ያለው ቦታ በጣም ጠቧል። ከጭስ መውጫዋ ቀጭን ግራጫ ጭስ ይወጣል። ልክ እኔ እንደምፈልገው፣ በደረጃው መሠረት።

የሬዲዮውን መናገሪያ ነጠቅሁት። ጋሼ ቁልፉን ተጭኖ ያዘልኝ።

«ካፒቴን! የልቀት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ነኝ። ማኅተሙን ቁረጡ! ሰርኩላሩ ስሕተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስሕተት ነው። ቁረጡ!»

ወደቡ ላይ ያለ መርከብ ሁሉ በዚያ መስመር እየሰማ ነው። ግድ አልሰጠኝም።

«እኔማ አዝዣለሁ!» አለ ካፒቴኑ። ይጮሃል፣ ግን ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነው። «መልስ ሲጠፋ አዘዝኩ። ሦስት ጊዜ! መሐንዲሱ ነው እንቢ ያለኝ! ‹ከእሷ አፍ ካልሰማሁ አልነካውም› ይላል! ዋናው መሐንዲስ ታሞ የብስ ላይ ቀርቷል፣ ሞተሩ ጋ ያለው እሱ ነው!»

«አገናኙኝ» አልኩ።

ካፒቴኑ የሞተር ክፍሉን ስልክ ሬዲዮው ላይ ደቀነልኝ። መጀመሪያ የሞተር ጩኸት ብቻ ነበር። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ መጣ፣ ሩቅና ቀጭን ሆኖ።

«እትዬ? አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ቁረጠው።»

«እሺ። ሦስቱን ፎቶ ላንሣ? ከመቆረጡ በፊት ቁጥሩ እየታየ የሚለውን?»

እሱም የእኔ ትእዛዝ ነበር። አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ከነሰዓቱ። ጋሼ አፉን በእጁ ያዘ።

«ፎቶውን ተወው! ቁረጠው!»

«በኋላ በጽሑፍ ትልኪልናለሽ አይደል? ካልሆነ እንደ በፊቱ…»

«ሞቼ ልገኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሞቼ ልገኝ፣ የኔ ጌታ፣ ቁረጠው! እለምንሃለሁ፣ ቁረጠው!»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። ጋሼ መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፈ፦ አራት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት።

መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ። ሽቦ መቁረጥ፣ መቆሚያውን መፍታት፣ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች አያልፉም። መርከቧ ወደ ኋላ ሸሸች። እንደገና ሸሸች። አንድ ትልቅ ማዕበል ሸፈናትና ለአፍታ ከዓይኔ ጠፋች፤ ከሆዴ የወጣውን ድምፅ የእኔ መሆኑን አላወቅሁትም። ስትመለስ ጭስ መውጫዋ ላይ ያ ቀጭን ግራጫ አሁንም አለ። «ጭስ» አልኩ። «ጭስ፣ ጭስ፣ ጭስ ውጣ።» ዕድሜዬን የፈጀሁት እሱን ለማጥፋት ነበር። አሁን መስታወቱ ላይ ግንባሬን ደግፌ እለምነዋለሁ።

ወጣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ነፋሱ ወዲያው እየቆለመመ የሚወስደው ጭስ። ከኋላዋ ውኃው ተገለባበጠ። መርከቧ ቆመች። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትንቀሳቀስ ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ ደከማት ሰው፣ ወደ ፊት ተራመደች።

«ወጣች» አለ ጋሼ። «መቶ ሃምሳ ሜትር ነበር የቀራት። ወጣች!»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በዚያው ቅጽበት ዳይሬክተሩ እያለከለከ ገባ። ፀጉሩ ላይ የመስታወት ስባሪ አለ፤ በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። ሁለት መስመር፣ ማኅተምና ፊርማ። የሚሰጠው ሰው ሲያጣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሬዲዮው እንደገና ተንጫጫ። ካፒቴኑ ነው።

«አምቡላንስ አዘጋጁልን። የመርከበኞቹ አለቃ ተጎድቷል። መልስ ስንጠብቅ፣ ሁለተኛውን መልሕቅ ጣል ብዬ ወደ ፊት ልኬው ነበር። ሰንሰለቱ ተበጥሶ እግሩን መታው።»

«ስንት ሰዓት ላይ?» ብሎ ጠየቀ ጋሼ፤ መዝገብ ላይ መጻፍ ስላለበት ነው።

«አራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ።»

ጋሼ ጻፈው። ሠላሳ አንድና ሠላሳ ስምንት ተደራርበው ተቀመጡ። እኔን ላለማየት መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ደረጃው ላይ የቆምኩት መቼ እንደነበር እሱ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።

መርከቧ ከቀትር በፊት ግንቡን አልፋ ገባች። ወደቡ ጫፍ ላይ ጫማ ሳላደርግ እንደቆምኩ ነው። መሰላሉ ሲወርድ መጀመሪያ የወረደው ወንድሜ ነው። ፊቱ በዘይት ጠቁሯል። ላቅፈው እጄን ስዘረጋ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አለቃ ፊት እንደሚቆም ሰው። እጆቼን ወደ ታች አወረድኳቸው።

«ለምን ጠበቅህ?» አልኩት። «ካፒቴኑ ካዘዘህ ለምን? ልትሞቱ እኮ ነበር!»

ለመቆጣት እንዳልሆነ ሊገባው ይገባ ነበር። ግን ከእኔ ሌላ ድምፅ የት ሰምቶ ያውቃል? ደነገጠ። መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ።

«እትዬ፣ ከታች መስኮት የለም። ዐለቱን አላየሁትም። አንቺ ግን ትታይኝ ነበር።»

ይህን ሲል ለመውቀስ አልነበረም፤ እንደ ማስረዳት ነው። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላው ቃሬዛውን አወረዱት። የመርከበኞቹ አለቃ ሽበታም፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ከጉልበቱ በታች ያለው በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁን ማየት አልቻልኩም። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሰንሰለቱ ከመታው ጀምሮ መጋዘን ውስጥ አስተኝተውት ስለነበር ከዚያ ወዲህ የሆነውን አያውቅም። በአጠገቤ ሲያልፉ ደረቴ ላይ ያለውን የጽሕፈት ቤቱን መታወቂያ አየና ተሸካሚዎቹን በእጁ አስቆማቸው።

«ከቢሮው ነዎት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ፈቃዱ መጣ?»

ተሸካሚዎቹም፣ ካፒቴኑም፣ ወንድሜም ወደ እኔ ዞሩ።

«መጥቷል» አልኩት።

«ተመስገን» አለና ዓይኑን ጨፈነ። በስንት ሰዓት እንደመጣ አልጠየቀኝም።